«በረንዳ»፦ የገበያ ጣሪያና የሰው መጠሪያ
(በሲሪንቃ የቀረበ የሕዝብ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ «በረንዳ» በሚለው ቃል ላይ ያተኩራል። ጣሪያ ለለበሰ የገበያ መተላለፊያ ሚላን «ጋለሪያ»፣ ፓሪስ ደግሞ «ፓሳዥ» የሚል ስም አላቸው። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል በረንዳ ነው።

የቃሉ ምንጭ ባሕር ማዶ ነው። ሥሩን በህንድ ቋንቋዎች ውስጥ የሚፈልጉ ምሁራን አሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1498 የተካሄደውን የቫስኮ ዳ ጋማ የህንድ ጉዞ የሚተርከው የፖርቱጋልኛ ማስታወሻ «ቫራንዳ»ን ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይጠቀምበታል። ስለዚህ ፖርቱጋሎች ቃሉን ይዘው ሄዱ የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ «ቬራንዳ» ሲሉት፣ በሱዳን ዐረብኛ «በረንዳ» ተባለ። «ቭ» ከነባር የአማርኛ ድምፆች አንዱ ባለመሆኑ በእኛም አፍ «ብ» መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

በመኖሪያ ቤት በረንዳ የማረፊያ ስፍራ ነው። ገበያ ሲገባ ግን ሥራው ይለወጣል። የፋሺስት ጣሊያን አገዛዝ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን የአዲስ አበባን ዋና ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ፣ ለአገሬው ሕዝብ ብሎ በለየው ስፍራ መርካቶን አቋቋመ። በዚያ ገበያ ውስጥ «እህል በረንዳ» እና «በርበሬ በረንዳ» የሚሉ የሰፈር ስሞችን እናገኛለን፤ ከእነርሱም ጎን «ሸማ ተራ» እና «ምናለሽ ተራ» አሉ። «ተራ» የሻጮችን አሰላለፍ፣ «በረንዳ» ጣሪያውን ያመለክታል። እህልና በርበሬ ዝናብ የሚያበላሻቸው ሸቀጦች ናቸውና ስሙ ለእነርሱ መስማማቱ አያስገርምም።

ገበያው ሲበተን ግን ያው ጣሪያ ቤት ለሌለው ሰው መጠጊያ ይሆናል። «በረንዳ አዳሪ» የሚለው መጠሪያ የተወለደው ከዚህ ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው።

«አደረ» ሁለት ትርጉም አለው፦ ሌሊቱን ማሳለፍና ኑሮን መግፋት። የግብርና ምርምር ማዕከል ባለባት በሲሪንቃ «አርሶ አደር» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። አርሶ አደር ማለት በእርሻው የሚኖር ሰው ነው፤ ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። በረንዳ አዳሪው ግን የተሰየመው በተኛበት ቦታ ነው። ቀኑን ሸክም ቢሸከም፣ ጫማ ቢጠርግ፣ ሎተሪ ቢያዞር፣ ስሙ ሥራውን አይናገርም። በአንድ ግስ ሁለት ሰዎችን ሰይመን፣ ለአንዱ ቀኑን፣ ለሌላው ሌሊቱን ብቻ ሰጠነው።

በኋላ መሥሪያ ቤቶች «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለውን መረጡ። «ተዳዳሪ»ም የወጣው ከዚያው ከ«አደረ» ነው፤ መተዳደሪያን፣ ማለትም እንጀራን ስለሚጠቅስ የተሻለ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ቦታው አሁንም ከሥራው ቀድሞ ተጠርቷል። በስሙም ላይ ቢሆን ጣሪያው ቀርቶ ሜዳው ጎዳና ብቻ ተረፈ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ መጠይቅ ይዛችሁ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ገበያዎች ትወጡ ይሆናል። በሱቅ በረንዳ የሚያድር ሰው ብታገኙ፣ «የት ታድራለህ?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ትተዳደራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እርሱ በተናገረው ስም መዝግቡት። ቋንቋችን ለአርሶ አደሩ የሰጠውን ክብር ለዚህም ሰው ሊሰጥ የሚችል ግስ አለው።