ዩኒየኖች የኔትወርክ አውቶሜሽንን ከየት ይጀምሩ?




የአዲስ አበባ አትክልት ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደዚሁ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ምርቱን በዚህ በር ለሚያስገባ ዩኒየን የሽያጭ ቢሮውን ከገጠር መጋዘኖቹ ጋር በኔትወርክ ማገናኘት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቲማቲም ቀን አይጠብቅም። መስመር ሲቋረጥ የርክክብ ሰነድ ይዘገያል፤ ሰነድ ሲዘገይ የገበሬው ክፍያ ይዘገያል። ብዙውን ጊዜ ግን መቋረጡ የሚታወቀው የመጋዘን ሠራተኛው ተቸግሮ ስልክ ሲደውል ነው።

አውቶሜሽን ይህንን ክትትል ለሶፍትዌር መስጠት ነው። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው የየቅርንጫፉን ራውተር «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ለባለሙያው የስልክ መልእክት ይልካል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅንብር ቅጂ ያስቀምጣል፤ የመብራት መዋዠቅ ራውተሩን ቢያቃጥለው ምትኩ በቅጂው መሠረት ቶሎ ሥራ ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ከግዢ መጀመር አያዋጣም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዢ በአንድ አዳራሽ ዋጋ እየተጣሩ፣ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ነበር የሚስማሙት። ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት የተሸጋገረው ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት የደረጃ አሰጣጡና የመጋዘን ደረሰኙ በሥራ ላይ ተፈትነዋል።

ለዩኒየንም የመጀመሪያው ሥራ መዝገብ ነው፤ የትኛው ራውተር በየትኛው መጋዘን እንዳለ፣ አድራሻው ምን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚገኝ። (የመጨረሻው ጥያቄ ስንቱን ቢሮ ያሳፍራል! ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷልና።) ቀጥሎ ፕሮግራሙ እንዲያይ ብቻ ይፈቀድለት፤ እንዲነካ አይፈቀድለት። ሠራተኛው ሪፖርቱን ማንበብና ማመን ሲጀምር፣ ለውጥ የማድረግ ሥልጣን በአንድ መጋዘን ላይ ይሞከር፤ ያውም ምርት በሚጎርፍበት ወቅት ሳይሆን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ። ሰው ቢሳሳት አንድ ራውተር ያበላሻል፤ የተሳሳተ ትእዛዝ የተሰጠው ፕሮግራም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ሊዘጋ ይችላል።

ስለ ወጪው፣ እንደ ዛቢክስና አንሲብል ያሉ ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ስለሆነም ጠቅላላ ጉባኤው በጀት ሲያጸድቅ ገንዘቡን በዋናነት ለሥልጠና ቢመድብ ይሻላል። የሚሠለጥኑትም ከዩኒየኑ ቋሚ ሠራተኞች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ፈቃድ ሲወጣ ሌላው እንዲተካው።