የአንጥረኛው ልጅና አውቶሞቢል

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ፣ በእምድብርና በአገና በኩል ወደ ጉንችሬ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ መኪና ምን ያህል የዘመድ መገናኛ እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ዓመት ሙሉ በመርካቶ ሲነግድ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ሲጽፍ የከረመው ሁሉ በዚያ ሰሞን ስጦታውን ጭኖ ወደ እናት ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መካከል ግን ስለ ሞተሩ የሚያስብ ጥቂት ነው። መኪናው ከመንገድ ላይ ድንገት ሲቆም ብቻ ጌታውም ሎሌውም፣ ሹሙም ነጋዴውም፣ እጁ በዘይት የተነከረውን ሰው ፊት ፊቱን ያያል። መኪናው ተጠግኖ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ያ ሰው ወዲያው ይረሳል።

የዛሬው ንግግራችን ይህ እጁ በዘይት የተነከረ ሰው ሊደርስበት ስለሚችለው ማዕርግ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ 1900 ዓ.ም. መመለስ ይገባናል። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ አንድ አውቶሞቢል አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ እንዳይናቅ ታዘዘ። በብዕር የሚተዳደረው ጸሐፊ እንኳ በዚያ ዘመን ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ስለ ነበር ከዐዋጁ ጥበቃ አልተለየም። እንግዲህ አውቶሞቢልና የሠራተኛ ክብር ወደ ከተማችን የገቡት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አውቶሞቢሉ በቶሎ ተለመደ፤ ዐዋጁ ግን በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ በሙሉ አልተፈጸመም።

ያን ጊዜ አንድ ብልህ ሰው ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ማስታወስም መልካም ነው። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሆልትዝ ከተባለው ጀርመናዊ ጋር ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢልን አነዳድና አጠጋገን ተማሩ። በዚያው ሳሉም የአማርኛ ዘፈን በሸክላ አስቀረጹ። በኋላም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ተብለው ለትልቅ ማዕርግ በቁ። የመኪና ዕውቀት ሰውን ዝቅ የሚያደርግ ሳይሆን ከፍ የሚያደርግ መሆኑን ከአገራችን ሰዎች አስቀድመው ካሳዩት አንዱ እኒህ ሰው ናቸው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ዐይነቱ ፍቅር እስከ ምን ድረስ እንደሚደረስ ለመረዳት ወደ ጃፓን አገር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1906 በሐማማትሱ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ኮምዮ በምትባል መንደር ሶይቺሮ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ ጊሄይ ሆንዳ አንጥረኛ ነበር፤ ከብረት ሥራውም ጋር ብስክሌት ይጠግን ነበር። ብላቴናው ገና በሕፃንነቱ ወደ መንደራቸው የመጣውን አንድ አውቶሞቢል ባየ ጊዜ ከኋላው ሮጠ፤ ከመኪናው የፈሰሰውን ዘይትም ሽታ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ሌላው ሰው አቧራውን ሲጠላ ይህ ልጅ ሽታውን ወደደ።

እ.ኤ.አ. በ1922 ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በቶክዮ ባለ አንድ የመኪና ጋራዥ ተቀጠረ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፈው ሞተር በመፍታት ሳይሆን የጌታውን ሕፃን በማዘል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ስንቱ ልጅ ይህን ውርደት ቈጥሮ ወደ መንደሩ በተመለሰ ነበር! እርሱ ግን ሕፃኑን እያዘለ መካኒኮቹ የሚሠሩትን በዓይኑ ይማር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ዕድሜው ገና ሃያ አንድ ሳለ፣ ጌታው አምኖት በሐማማትሱ ከተማ በጋራዡ ስም ቅርንጫፍ እንዲከፍት ፈቀደለት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚስተር ሆንዳ ታሪክ ያለ እንቅፋት የሄደ አድርጎ የሚናገር ሰው እውነቱን አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ1936 በመኪና እሽቅድድም ላይ ተገልብጠው ክፉኛ ቈሰሉ። ቀጥሎም የፒስተን ቀለበት ለመሥራት ተነሡ፤ ለቶዮታ ኩባንያ ለምርመራ ከቀረቡት ሃምሳ ቀለበቶች ግን ፈተናውን ያለፉት ሦስት ብቻ ሆኑ። ጉድለቱ የጉልበት ሳይሆን የብረትን ጠባይ ያለማወቅ መሆኑን በተረዱ ጊዜ፣ የብዙ ሠራተኞች አለቃ ሆነው ሳሉ፣ ከወጣቶች ጋር በሐማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀምጠው ተማሩ። ፈተና ለመፈተን ስላልፈለጉ ዲፕሎማ አላገኙም፤ ነገር ግን የፈለጉትን ዕውቀት ይዘው ወጡ።

ይህን ነጥብ በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ብዙ ሰው የእኚህን ሰው ታሪክ ሲሰማ «ትምህርት አያስፈልግም ማለት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፍቅር ብቻውን ሃምሳ ቀለበት ሠርቶ አርባ ሰባቱን ያስጥላል፤ ፍቅር ከትምህርት ጋር ሲጋባ ግን ሥራው ይጸናል። ሚስተር ሆንዳ የናቁት ወረቀቱን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። በእኛ ዘንድ ወረቀቱን አክብሮ ዕውቀቱን የሚንቅ ሰው ሞልቷል።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካቸው በቦምብ ተመታ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ የመሬት መናወጥ የቀረውን አፈረሰው። የተረፈውን ለቶዮታ ወገን በ450,000 የን ሸጠው ሥራ ፈቱ። ከሽንፈቱ በኋላ የጃፓን ሕዝብ በባቡር ተጨናንቆና በብስክሌት እየደከመ ይመላለስ ነበር። በዚያ ጊዜ ሚስተር ሆንዳ ጦር ሠራዊቱ ለሬዲዮ መገናኛ ይጠቀምባቸው የነበሩ ትንንሽ ሞተሮች ተጥለው አገኙና በብስክሌት ላይ ገጠሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በሠላሳ አራት ሠራተኞች የሆንዳ ኩባንያ ተቋቋመ።

በሚቀጥለው ዓመት ታኬዎ ፉጂሳዋ የተባሉ ሰው ኩባንያውን ተባበሩ። ሚስተር ሆንዳ ሞተር ያውቃሉ እንጂ ገንዘብ መያዝና ሽያጭ አያውቁም ነበር። ይህንንም ስለሚያውቁ የኩባንያውን ማኅተም ሳይቀር ለባልደረባቸው አስረክበው ራሳቸው ወደ ፋብሪካው ገቡ። በአገራችን ስንት ማኅበር «ማኅተሙን ማን ይያዝ» በሚል ጠብ ፈርሷል! እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣችው ሱፐር ከብ የተባለች ትንሽ ሞተር ብስክሌታቸው ዓለምን አዳረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዚህ ዐይነቷ ቍጥር አንድ መቶ ሚሊዮን ደረሰ።

አሁን እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፣ መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎች ጥቂት ይሁኑ፣ አዲስም አይጨመርባቸው የሚል ሕግ አዘጋጀ። ያን ሕግ ያረቀቁት አገራቸውን የሚወዱ የተማሩ ሹማምንት ነበሩ፤ የውጭ አገር ኩባንያዎች የጃፓንን እንዳይውጡት ሠግተው ነው። ሚስተር ሆንዳ ግን አጥብቀው ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ትንሽ የጭነት መኪናና አንድ የስፖርት መኪና ሠርተው አወጡ። ሕጉም ሳይጸድቅ ቀረ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ሆንዳ የአሜሪካንን ጥብቅ የጭስ ሕግ የሚያሟላ ሞተር አስቀድሞ ሠርቶ ለጃፓን ስም ክብር ሆነ። እንግዲህ በጠረጴዛ ላይ የተጻፈ መልካም አሳብ አንድን የአንጥረኛ ልጅ ከደጅ ሊያስቀር ምን ያህል ቀርቦ እንደ ነበር አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለቱ ባልደረቦች በአንድነት ሥራቸውን ለቀቁ። ልጆቻቸውን በቦታቸው አላስቀመጡም። ሚስተር ሆንዳ ከዚያ በኋላ በየቅርንጫፉ እየዞሩ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አመሰገኑ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዐረፉ።

«ጃፓን ሌላ፣ እኛ ሌላ» የሚል ይኖራል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት ነው፤ ገንዘብም መሣሪያም በእኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ለዚህ መልስ ከጉራጌ አገር የበለጠ አስረጂ አላገኝም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ እያዋጣ መኪና ወደ አገራቸው የሚገባበትን መንገድ አስጠረጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ለመንገድ ያዋጣ ሕዝብ በዕቁቡ ለጋራዥና ለመሣሪያ ማዋጣት አያቅተውም። የሚያቅተው ቢኖር፣ የክትፎውን ቢላዋ አክብሮ ቢላዋውን የሠራውን አንጥረኛ ማክበር ነው።

ጊዜውም እየጠራን ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ብዙ መካኒክ ገና ያልለመደው ነው፤ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ መሥመሩን ያለ ትምህርት የነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ዛሬ የሚጀምር የጉንችሬ ወይም የቡታጅራ ልጅ፣ በአሮጌው ሞተር ከመቶ ዓመት ወደ ኋላ እንደ ቀረነው ሳይሆን፣ ከሌላው ጋር እኩል ይነሣል። ይህ ዕድል ግን ለሁልጊዜ አይቆይም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ልጅህ ወይም የወንድምህ ልጅ «በዕረፍቴ ቀን ጋራዥ ልዋል» ቢልህ ልብሱ ይቆሽሻል ብለህ አትከልክለው፤ ይልቁንም መዝገብ ገዝተህ በየቀኑ የተማረውን እንዲጽፍ እዘዘው፤ ሒሳቡንና የፊዚክስ ትምህርቱንም ጠይቀው። ሁለተኛም፣ ጥፍሩ በዘይት የጠቈረ ወጣት ፈቃድ ለማውጣት ወይም ቦታ ለመጠየቅ በጠረጴዛህ ፊት ሲቆም፣ ወንበር ስጠውና አሳቡን እስከ መጨረሻው አድምጠው። ሊፈቀድለት የሚገባ ከሆነ ዛሬ ፍቀድለት፤ የማይገባ ከሆነም ምን እንደ ጎደለው በግልጽ ንገረው፤ «ነገ ተመለስ» ብለህ ግን አታባርረው። የሠራተኛ ክብር በ1900 ዓ.ም. ታውጆልናል፤ ዐዋጁን የሚፈጽመው በየጠረጴዛው የተቀመጠው ሰው ነው።