የሚሞሪ ካርድ ዓይነቶችና ካርዱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ጥፍር የምታህል ዕቃ ናት። ከድልድይና ከግድብ ጋር ለሚውል ባለሙያ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ እገምት ነበር። በአንድ ክረምት የወንዝ ሙላት በአንድ አሮጌ ድልድይ ምሰሶዎች ላይ የሚደርስበትን ከፍታ በየዕለቱ በፎቶግራፍና በተንቀሳቃሽ ሥዕል መዘገብሁ። በካሜራዬ ውስጥ የነበረው ካርድ «128 ጊጋባይት» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ነው። ቢሮ ተመልሼ በኮምፒዩተር ስመለከተው የሥዕሎቹ ስም በሙሉ በተርታ ይታያል፤ መጠናቸውም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀር አንዱም አልከፈት አለ። ውሃው ጎድሏል፤ ክረምቱም አልፏል። የጥገናውን ዲዛይን በግምት መሥራት ስላልደፈርን እስከሚቀጥለው ክረምት ጠበቅን። ድልድዩ በዚያ ዓመት ተሽከርካሪ ሲያሳልፍ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ፍላሽ የተባለውን የማስታወሻ ዘዴ በ1984 ለባለሙያዎች አቀረቡ። ዛሬ በካርዶች ውስጥ የምናገኘው ናንድ የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1987 ተከተለ። መረጃው የሚያዘው ዙሪያው በተከለለ እጅግ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም።

በ1994 ሳንዲስክ ኮምፓክት ፍላሽን፣ በ1995 ቶሺባ ስማርት ሚዲያን አወጡ። የሁለቱ ልዩነት የቅርጽ ብቻ አልነበረም። ኮምፓክት ፍላሽ በሆዱ ውስጥ ኮንትሮለር፣ ይኸውም አንዲት አነስተኛ ኮምፒዩተር ይዟል፤ ስማርት ሚዲያ ግን ይህ ስለሌለው የሚያስተዳድረው ካሜራው ራሱ ነበር። በዚህም ምክንያት ስስ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ከፍ ያለ መጠን ያለው ካርድ በወጣ ቁጥር አሮጌው ካሜራ አላውቅህም ይለዋል። እድገቱም በ128 ሜጋባይት ላይ ቆመ። ኦሊምፐስና ፉጂፊልም በ2002 ያወጡት ኤክስዲ ካርድም ኮንትሮለር አልነበረውም፤ ከ2 ጊጋባይት ሳያልፍ ቀረ። የሶኒው ሚሞሪ ስቲክ ከ1998 ጀምሮ ብዙ ዘመን ቢቆይም ኩባንያው ራሱ በ2010 ወደ ኤስዲ ፊቱን መለሰ።

ኤስዲ ካርድ በ1999 በማትሱሺታ፣ በሳንዲስክና በቶሺባ ኅብረት የተዋወቀ ነው። ትልቁ 32 በ24 ሚሊ ሜትር፣ በስልክ ውስጥ የሚገባው ማይክሮ ኤስዲ 15 በ11 ሚሊ ሜትር ነው። ኤስዲ ኤች ሲ የሚል ምልክት ያለበት እስከ 32 ጊጋባይት፣ ኤስዲ ኤክስ ሲ እስከ 2 ቴራባይት ሊይዝ ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ካሜራው የካርዱን መጠን አይለካም፤ ኮንትሮለሩን ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ያምናል። ካርዱ ካሜራው ሳይለወጥ እንዲያድግ ያስቻለው ይኸው ኮንትሮለር በአጭበርባሪ እጅ ሲገባ በሐሰት የሚመሰክር ይሆናል። የእኔው ካርድ በኋላ ሲመረመር እውነተኛ ይዞታው ከ8 ጊጋባይት በታች ነበር። ከዚያ በላይ የተላከለትን ሁሉ ተቀብያለሁ እያለ ይጥለው ነበር፤ አንዳንዱ ካርድ ደግሞ ተመልሶ በመጀመሪያው ላይ ይደርባል። የስሞቹ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚጻፍ ሳይነካ ይቀራልና ባለቤቱ ሁሉ ደኅና ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር እንዳይደባለቅ እለምናለሁ። የ128 ጊጋባይት ካርድ በኮምፒዩተር ላይ 119 አካባቢ ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በሺህ፣ ኮምፒዩተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ከባልንጀሮቼ አንዱ በዚህ ሰበብ ከባለሱቅ ጋር ተጣልቷል።

ሐሰተኛውን ለመለየት ከዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ ከማንበብ የተሻለ መንገድ የለም። ኤፍ3 እና ኤች2ቴስትደብልዩ የተባሉት ፕሮግራሞች ይህንኑ በነጻ ይሠራሉ። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ 128 ጊጋባይት ካርድ ለመሙላት ብቻ ወደ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማንበቡም ሌላ ጊዜ ይጠይቃል።

ስለ ፍጥነትም በአጭሩ፦ በካርዱ ላይ በጉልህ የሚታተመው ቁጥር እንደ ልማድ የማንበቢያው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ለተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚፈለገው ዝቅተኛው የመጻፊያ ፍጥነት በትንሹ የተጻፈው ነው፤ ቪ30 ማለት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት አያንስም ማለት ነው።

መርማሪ ፕሮግራሞቹ የተጫኑበት ላፕቶፕ ይዤ መጥቻለሁ። ካርዱን ለማስመርመር የሚፈልግ ዛሬ ትቶልኝ ነገ ጠዋት ሊወስደው ይችላል፤ በላዩ ያለውን ግን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ።