የሄዱትን በስማቸው እንመዝግብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁኝ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁልጊዜ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ነው የምነግራችሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ ስህተቴ ልናገር።

ካቻምና አንዲት ልጅ ከፓዊ ንፋስ መውጫ መጣች። «አያቴ የጋይንት ሰው ናት፤ በ77 ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ነው የሄደችው። አሁን ታማለች፤ ዘመዶቿን ፈልጊልኝ ብላኝ ነው» አለችኝ። የያዘችው የአያቷን ስም፣ የአያቷን አባት ስምና «ደብራችን ማርያም ነው» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ጋይንት ውስጥ ስንት ማርያም አለ! «አላውቅም» ብዬ ሸኘኋት። ስልኳን እንኳ አልተቀበልሁም።

ማታ ለእናቴ ሳወራላት እንዝርቷን አስቀመጠች። ልጅቷ የጠራችው ስም የአያቴ የታናሽ እህቷ ስም ኖሯል። እኔ የማውቃት በቤት ስሟ ነበር። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ የእናቴ እናት አባት ማን እንደሚባል ግን ጠይቄ አላውቅም።

ወደ ፓዊ በሚመላለሱ ነጋዴዎች በኩል ስናጠያይቅ ወራት ፈጀብን። መንደሮቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ እኛ ደግሞ ቁጥሩን አናውቅም። ቤቱን ስናገኝ የሴትዮዋ አርባ ወጥቶ ነበር።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከድርቅ አገር እየተነሣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሰፍሯል።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ሆኗል። አየርላንድ የምትባል አገር በፈረንጆች 1845 የድንች በሽታ ገባባት። ጉና ሥር ለምንኖር፣ ድንች ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረንም። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በ1922 ደግሞ ደብሊን የነበረው መዝገብ ቤታቸው ሲቃጠል ብዙ የቀድሞ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አብሮ ነደደ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ዘር ሲፈልጉ ትልቁ መያዣቸው የየደብሩ የክርስትና መዝገብ ነው። ደብሩን የማያውቅ ግን ብዙ ይንከራተታል።

በእኛ አገር ድሮ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚጠየቅ ሽማግሌዎች ወንዱንም ሴቷንም ቆጥረው ይይዙ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት ክርክር ቀረ፤ እሰየው ነው። የመቁጠሩ ምክንያት ግን አብሮ ቀረ። ዛሬ የምንቆጥረው ለጋብቻ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሽማግሌ ትተነዋል። በዚህ መካከል ቶሎ የሚጠፋው የሴቷ ስም ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከቁጠባው መዝገብ ጎን አንድ ባለ መስመር መዝገብ እንክፈት። እያንዳንዳችን ከቤታችን የሄደውን ሰው እናስመዝግብ፦ የመዝገብ ስሙን፣ የቤት ስሙንና የክርስትና ስሙን፤ አባቱን፣ እናቱን፣ የእናቱንም አባት፤ ጎጡንና ደብሩን፤ የሄደበትን ዓመትና አብሮት የሄደውን ሰው፤ መጨረሻ ወሬው የተሰማበትን ቦታ። በመጨረሻም ፈላጊ ቢመጣ የሚደወልለት የቤተሰብ ስልክ ይጻፍ። ወጪው የአንድ መዝገብ ዋጋ ነው።

ዛሬ ማታ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ነገ እንጠይቃለን ብላችሁ አታሳድሩት። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ።