ከማን አንሼ ወይስ በልክ?

የዛሬው ወጋችን ጎማ ጎማ ይሸታል። በጆርጂያዋ ሮዝዌል፣ አልፋሬታ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ሲይዛችሁ ግራ ቀኝ ብታዩ፣ ፊቱ የተነሳ፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ውጪ የወጣ ፒክአፕ አታጡም። አንዱ ባለቤት በየቀኑ የግንባታ ዕቃ ይጭንበታል፤ አንዱ ቅዳሜ ሲደርስ ሃይዌይ 400ን ይዞ ወደ ዳሎኔጋ ተራሮች ይወጣበታል፤ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ሲያነሳ አይቶ ከማን አንሼ ብሎ ያነሳው ነው። አንዳቸውንም አልነቅፍም። ዛሬ የምመዝነው ከማንሳቱ በፊት ያለውን የማቀድ ሙያ ነው። ትልቁ ሥራ አንድ ብሎን ሳይፈታ የሚያልቅ በመሆኑ መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ሰውም ክፍት ነው፤ ሜትር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል። መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መመጠኑ ከጭነት ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አይሱዙ ባሌስትራ ሲያስደርብ ዓላማው አያጠራጥርም፤ ሊጭንበት ነው። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ስንት ኢንች ላንሳልህ?» የሚለውን ነው። ደህና መካኒክ ሌላ ነው የሚጠይቀው፦ «ጋሼ፣ ምን ይጭኑበታል? የትስ ይሄዱበታል?» መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የሾፌሩን በር ክፈቱና እዚያ የተለጠፉትን ጽሑፎች አንብቡ። መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው የመጨረሻ ክብደት፣ እያንዳንዱ አክስል የሚሸከመው፣ የጎማው ልክና የንፋሱ መጠን እዚያው አለ። ባሌስትራ ብትደርቡም ሾክ ብትቀይሩም ያ የክብደት ገደብ አይጨምርም። ካሶኒው ሲጫን አለመውረዱ ፍሬኑ ጠነከረ ማለት አይደለም። ስለዚህ መሣሪያውን፣ መሰላሉን፣ ሰዉን ሁሉ ጭናችሁ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አንዴ ውጡ። የሚሰጧችሁ ቁጥር የቀረውን ዕቅድ ሁሉ ይመራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጎማ ነው፤ ቸርኬም አይደለም፣ ማንሳትም አይደለም። ሌላውን ሁሉ የሚወስነው የጎማው ቁመት ነውና። ጎኑ ላይ 265/70 አር 17 የሚል ጎማ እንውሰድ። ወርዱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ስታሰሉት ከመሬት እስከ አናቱ 803 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው ከዚህ ወደ 285/70 አር 17 ይሻገራል፤ ያኛው 831 ገደማ ነው። ልዩነቱ 28 ሚሊሜትር ቢሆንም አክስሉ ከመሬት የሚርቀው በግማሹ፣ በ14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ለዚህች የምንከፍለውን ደግሞ እንይ። ጎማው በ3.5 በመቶ ስለረዘመ መለኪያው 60 ማይል ሲያሳይ እናንተ 62 ላይ ናችሁ። የከባድ ጭነት ጎማ ከሆነ እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን የሚሽከረከር ክብደት ሞተሩ ማስነሳት፣ ፍሬኑ ማቆም አለበት፤ ሒሳቡ ቤንዚን ማደያ ላይ ይወራረዳል። በሩ ላይ የተጻፈው የንፋስ መጠንም ለአዲሱ ጎማ ላይበቃ ስለሚችል የአምራቹን የጭነት ሠንጠረዥ አስወጡና እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የተሠራበትን ጊዜ ተመልከቱ፤ በጎኑ ካለው መለያ መጨረሻ 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

እንዲህም ሆኖ ለጎማ የወጣ ገንዘብ አያስቆጭም። የአትላንታ ሰው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014ን አይረሳም፤ 3 ኢንች ያልሞላ በረዶ ከተማውን ቆልፎ ሰው አውራ ጎዳና ላይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አደሩ። ፎር ባይ ፎር ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ያለን ጎማ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለው ጎማ በበረዶ ተፈትኖ ያለፈ ነው። የንፋሱንም ነገር ቀላል አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ለመሰብሰብ ሲገደድ፣ አብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የነበረ ሲሆን፣ የንፋስ ማነስና ሙቀት ችግሩን ካባባሱት ነገሮች መካከል ነበሩ። ዛሬ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የጎማ መብራት የመጣው ያንን ተከትሎ በወጣው ሕግ ነው። በብዙ ፒክአፖች ሴንሰሩ ያለው ቸርኬው ውስጥ ስለሆነ አዲስ ቸርኬ ሲገዛ እሱም ይታሰብ።

ቸርኬን ዓይን ቀድሞ ይገዛዋል። እናንተ ግን ቁጥሩን አስቀድሙ። ባለ ስድስት ብሎኑ ታኮማ ብሎኖቹ 139.7 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው፤ አገር ቤት የምናውቀው ፎር ባይ ፎር ሃይሉክስም እንዲሁ። የዛሬው ፎርድ ኤፍ-150ም ስድስት ብሎን አለው፣ ክቡ ግን 135 ነው፤ በዓይን አይለዩም፣ አይገጥሙምም። ሌላው ኦፍሴት የሚሉት ነው፦ ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚቀመጥበት ልክ። ወደ ውጪ በገፋ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ የጆርጂያ ቀይ ጭቃም በሩን ይቀባል። አራቱንም ከማስገጠማችሁ በፊት አንዱን ብቻ ፊት አስገጥሙና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ከጎማው ጀርባ ጣታችሁን አስገብታችሁ ክፍተቱን ለኩ። ቆሞ ስላልነካ አትመኑት፤ የሚነካው ጉብታ ላይ ሞላው ሲሰበሰብ ነው።

የማንሳት ጥያቄ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፒክአፕ ከፋብሪካ ፊቱን ዝቅ አድርጎ የሚወጣው ሲጫን እንዲስተካከል ነው። ፊቱን ከኋላው ጋር እኩል ካደረጋችሁት፣ ተጎታች ስታስሩበት አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ መብራቱም የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ርካሹ መንገድ ሞላውንና ሾኩን አንድ ላይ ከያዘው ስትራት አናት ላይ የሚገባ ስፔሰር ነው፤ ሞላውና ሾኩ የድሮዎቹ ስለሆኑ ቁመት እንጂ ምቾት አይጨምርም፣ ቦል ጆይንቱንም ይወጥረዋል። ለክብደቱ የተመጠነ ሞላና ጥሩ ሾክ ግን ብዙም ሳያነሳው የመኪናውን ጠባይ ይለውጣል፤ ጉብታ ላይ አንዴ ወርዶ፣ አንዴ ተነስቶ ያርፋል። ስንት እንደተነሳ ለማወቅ ከመሬት አትለኩ፣ የጎማ ቁመት ያታልላል። ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ አራቱንም ማዕዘን፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ለኩ። ከዚያ አላይመንት የግድ ነው፤ መብራቱም ይስተካከል። ሕጉንም አንብቡ። ጆርጂያ ለከፍታ የራሷ ገደብ አላት፤ ሰሜን ካሮላይና ደግሞ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ፊቱ ከኋላው በ4 ኢንችና ከዚያ በላይ እንዲበልጥ የተነሳ መኪና መንገዷ ላይ አትፈቅድም።

በጀት ሲሠራ የሚረሳው አምስተኛው ጎማ ነው። ፎር ባይ ፎር ላይ ቁመቱ የተለየ ተቀያሪ ጎማ ዲፈረንሻሉን ሊጎዳ ይችላል። ከሥራው በኋላም ከ50 እስከ 100 ማይል ነድታችሁ የቸርኬውን ዳዶዎች በልካቸው ዳግም አስጠብቁ።

ታዲያ ሙያው ይበጃል ወይ? ገንዘብ ይበላል፤ አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጠራል፤ መኪናው ሲሸጥም ያወጣችሁትን የሚመልስላችሁ ገዢ ጥቂት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በ400 ለሚመላለስና አልፎ አልፎ ተራራ ለሚወጣ የሮዝዌል ፒክአፕ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በፋብሪካው ልክ ጥሩ ኦል ቴሬን ጎማ፣ ለጭነቱ የተመጠነ ሾክ፣ ቸርኬው ባለበት ይቆይ። ብሌርስቪል አጠገብ እንዳለው ቢዝሊ ኖብ ያለ ድንጋያማ የጫካ መንገድ የሚያዘወትር ሰው ግን ቢያነሳ ምክንያት አለው። ሙያውን የማደንቀው ለሌላ ነገር ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት የያዘ ሰው ሱቅ ሲገባ ሻጩ ያሳየውን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዴም ምንም ሳይገዛ አመስግኖ ይወጣል። እሱም ሙያ ነው።