በድንች ማሳ ሥር ያለው ረቂቅ መረብ



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በጠርዛቸው የቀረው ገበሬ ከጠበበችው መሬቱ የበለጠ ድንች ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

የደጋው ቀይ አፈር ፎስፎረስ አለው፤ ነገር ግን አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ስፍራ ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙታል። የድንች ሥርም እሩቅ አይሄድም፤ በአጠገቡ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ያለውን ከጨረሰ ይራባል። ጀርመናዊው ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 «ማይኮራይዛ» ያለው የሥርና የፈንገስ ሽርክና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ ከሥሩ ስኳር እየተቀበለ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ብዙ ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል፤ ፎስፎረሱንም ያመጣል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ፣ ያለ ቁፋሮ የተዘረጋ የቧንቧ መስመር ነው።

በድንቹ መደዳ መካከል ባቄላ ቢዘራ፣ በሥሩ እባጮች ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይይዛሉ። ይሁንና አብዛኛው ናይትሮጂን የሚደርሰው ለተከታዩ ሰብል ነው፤ ይህን ደብቆ «ማቀላቀል ብቻ ያበለጽጋል» ማለት ገበሬውን ማታለል ይሆናል።

ምርጫውም ጥንቃቄ ይሻል። ግብጦ ናይትሮጂን ቢይዝም ፈንገሱን አያስጠጋም፤ ጎመን ዘርም እንዲሁ። በመሆኑም ጎመን ዘር በበቀለበት ማሳ የሚተከል ድንች ፈንገሱን ሳስቶ ያገኘዋል። አፈር ማቃጠልና የፎስፌት ማዳበሪያን ማብዛትም ያዳክሙታል። በከረጢት የሚሸጥ ፈንገስ ከመግዛት ይልቅ በአፈሩ ያለውን መጠበቅ ይቀድማል።

የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረውን የክረምት በሽታ ግን ይህ ሁሉ አያቆመውም። ባቄላው ከተጠጋጋ እንዲያውም እርጥበት ያምቃል፤ ስለዚህ መደዳዎቹ ነፋስ እንዲያልፍባቸው ተራርቀው መተከል አለባቸው።