ጉሊቱ ሲነሣ ዋሱ ማን ነው?

(በገርጂ በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የቡድን ብድርም ሲመጣ እንዲሁ ነበር የተነገረን። በባንግላዴሽ የግራሚን ባንክ ያስፋፋው፣ እኛም አገር በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 40 በር የተከፈተለት ብድር ነው። ቤትና ካርታ የሌላት እናት ጎረቤቷን ዋስ ጠርታ ትበደራለች፤ አንዷ ብትታመም የቀሩት ይከፍሉላታል። ደግ ነው!

ሁሉም ባንድ ቀን ገበያ ያጡ እንደሆነስ? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ የቦሌ መገናኛን መንገድ ሲይዝ፣ በየዳሩ ይቸረችሩ የነበሩ እናቶች ባንድ ላይ ተነሡ። ተበዳሪም ዋስም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ታዲያ ማን ለማን ይክፈል?

የዕቁብ ዳኛ እንኳ ሐዘን የደረሰበትን ይታገሣል። አበዳሪ ግን ቀን ቆጥሮ ጎረቤትን በጎረቤት ያስጠይቃል። ይኸው፣ አብሮ ቡና ይጠጣ የነበረ ሰው ተኮራርፏል!

ዕዳው ይሰረዝ አላልንም፤ የሰው ገንዘብ ይመለሳል። የምንለው፦ ገበያው በመንግሥት ትእዛዝ ሲነሣ የመክፈያው ጊዜ ይራዘም፣ ቅጣቱም ይቁም ነው። ዕድራችን የተቋቋመው ሰው ሊቀብር ነው፤ ጉርብትናን ሊቀብር አይደለም!